ዋስ የሌላት

ጥቅምት 26 ቀን 1961 ዓ.ም.

ከአውራጃው ፍርድ ቤት መጥሪያ መጣልኝ። ጎመን እየከተፍኩ ስለነበር ወረቀቱን በእርጥብ እጄ ተቀብዬ ማኅተሙን አደበዘዝኩት። ሰብስቤ ከሶናል። የአክስቱ የእትዬ አልጋነሽ አርባ ገና መውጣቱ ነው። እንባው ሳይደርቅ እንዳልል አላለቀሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አልጋነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚሁ ዲላ፣ በሞያሌው መንገድ ዳር፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ያለውን ቤታቸውን «ከገጠር ለሚመጡ ወላዶች ማረፊያ ይሁን፤ የማርያም ማኅበራችን ያስተዳድረው» ብለው ተናዘዋል። በሕይወት ሳሉም ቤቱ ለዚሁ ነበር። ቀኗ የተቃረበ ሴት ከይርጋ ጨፌም ከኮቸሬም ትመጣለች፣ ታርፋለች፣ ምጡ ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያው እናሻግራታለን። ቀለቧን ማኅበርተኞች በተራ እናደርሳለን፤ ስትወልድ ገንፎዋን እናገነፋለን። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰብስቤ ቤቱን ለቡና መጋዘን ይፈልገዋል። ክሱ ላይ ግን መጋዘን የሚል ቃል የለም። «ይህ የጥቂት ሴቶች የማኅበር ጥቅም እንጂ ለሕዝብ የተደረገ በጎ አድራጎት አይደለምና ኑዛዜው ይፍረስ፣ ቤቱ ለወራሽ ይመለስ» ይላል።

የጥቂት ሴቶች ጥቅም! የማንንም አራስ አንሶላ በእጄ ሳጥብ የኖርኩ እኔ ጥቅመኛ ተባልኩ።

ሥራው ደግሞ ለብቻዬ ከብዶኛል። ሙሉካ ከሄደች ወዲህ የሚያግዘኝ የለም። ሰኔ ላይ ነው ወደ አገሯ ወደ ሬኮ የሸኘኋት፤ እናቷ ታማባት ነበር። ልጄ ይርጉ መጥሪያውን አነበበና ያለ ቃል አጠፈው። ሰሞኑን ዝምታ አብዝቷል። ጥር 18 የአቶ ወልዱን ልጅ ሊያገባ አይደል፣ ሙሽራ ዝም ይላል።

ጥቅምት 30

የጓሮውን ክፍል የተከራየኝ ወልደዮሐንስ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነው፤ የአገልግሎት ዓመቱን እዚህ ፍርድ ቤት ለዳኛ ገሪማ ረዳት ሆኖ ይፈጽማል። ዛሬ እራት ላይ ያዝኩት።

«እትዬ፣ የዳኛውን ሐሳብ አልነግርዎትም፤ በመጽሐፍ ያለውን ከሆነ ግን እሺ» አለኝ። ዳኛ ገሪማ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ከአንድ እንግሊዝ ዳኛ ሥር ሠርተዋል አሉ። የእኛ ሕግ «ለጠቅላላ ጥቅም» ይላል፤ ጠቅላላ ማለት እስከ የት እንደሆነ ሲቸግራቸው የእንግሊዞቹን መጽሐፍ ይከፍታሉ።

«እንግሊዞቹ ምን ይላሉ ታዲያ?»

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንዲት ንግሥታቸው ባወጀችው ሕግ መግቢያ ላይ የበጎ ሥራ ዝርዝር አለ። እያነበበ ተረጎመልኝ። አቅመ ደካማን መጦር፣ የቆሰለ ወታደር ማስታመም፣ ትምህርት ቤት መርዳት፣ ድልድይ መጠገን፣ ወላጅ የሌለውን ማሳደግ፣ እስረኛ ማስፈታት፣ ድሀ ልጃገረዶችን መዳር።

«ልጃገረድ መዳርን ከድልድይ ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ሳቅኩ። ወልደዮሐንስም ሳቀ። ይርጉ አልሳቀም።

ኋላ ዳኞቻቸው ዝርዝሩን በአራት ከፈሉት፤ ድህነትን ማቃለል፣ ትምህርት፣ ሃይማኖት፣ ሌላም ሕዝብ የሚጠቀምበት ነገር። በሁሉም ላይ ግን ፐብሊክ የሚሉት ነገር አለ፤ ለሕዝብ መሆን አለበት። ለራስ ዘመድ የተደረገ አይቆጠርም። «ዘመዱን የረዳ ደግ ሰው ሊባል ይችላል፤ በሕግ ግን በጎ አድራጊ አይባልም» አለኝ። የሰጪው ልብም አይመረመርም። ለጽድቅ ይስጥ፣ ለስም ይስጥ፣ ጎረቤቱን ለማናደድ ይስጥ፣ ዳኛው የሚያየው ሥራው ለማን እንደሆነ ነው።

ይህ የመጨረሻው ደስ አለኝ። ልብ የማይመረምር ሕግ ጥሩ ሕግ ነው።

ኅዳር 4

ቸኩያለሁ። ተራዬ ነው፣ ምሳ ላደርስ ነው።

አማርኛው ሴቱን ሁሉ ወንድ የሚያደርገው የማረፊያው ዘበኛ ፈለቀ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጣ። «እትዬ፣ አንድ ሴት መጣ። ሆዱ ትልቅ ነው። ከሬኮ ነው የመጣ። እዚህ ድረስ ተከትሎኛል።»

«ዋስ አላት?»

«ዋስ የለም። እትዬን አውቃለሁ ብሏል።»

«እኔን የማያውቅ ማን አለ? ሥርዓቱን ታውቅ የለ?»

ቆመ። ሽማግሌ ሰው ነው፣ መቆም ይችልበታል። «ሴቱ በጣም ደክሟል እትዬ።»

«ውኃ ስጣትና ሸኛት።»

በመስኮት አልተመለከትኩም። ያ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ እንዲህ ቶሎ መደብዘዙ ግን ይገርማል፤ ለፋሲካ የተገዛ ነው።

ኅዳር 12

ዛሬ ችሎት ነበር። እንዴት ብዬ ልጻፈው።

የክት ልብሴን ለብሼ፣ ማኅበርተኞቼን አስከትዬ ገባሁ። ሰብስቤ ብቻውን ተቀምጧል። ዳኛ ገሪማ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ በዚህ ቤት ማን ይገባል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የሰነበትኩት። ቀና ብዬ መለስኩ፤ «ክቡር ዳኛ፣ ማንም ዝም ብሎ አይገባም። እያንዳንዷ ወላድ ከማኅበርተኞቹ አንዷ አውቃታለሁ ብላ ዋስ ካልሆነቻት ደጁን አትረግጥም። ቤታችን ሥርዓት ያለው ቤት ነው።»

ከኋላዬ ወዳጄ አልጣሽ «እሰይ» ስትል ሰማሁ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከማኅበርተኞቹ ማንም የማያውቃት ሴት ብትመጣስ?»

«እሷማ ዋስ ትፈልግ።»

«ዋስ የምታገኝ ሴት ምኑን ደሀ ሆነች ወይዘሮ?»

ሰው ሳቀ። እስካሁን ዋስ የሆናችሁት ለማን ነው ሲሉን አልጣሽ ተነሥታ የጭሰኞቿን ሚስቶች ስም ጠራች፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን። ስሙ ሲጠራ ለእኔም ተሰማኝ። እገሊት የእገሌ ጭሰኛ ሚስት፣ እገሊት የእገሊት አበልጅ። አንዲትም የማንም ያልሆነች የለችም። ሰብስቤ ክሱን እኔ ራሴ ያስረዳሁለት ያህል ፈገግ ብሎ እጅ ነሣኝ።

ለጥር 6 ተቀጠረ። እስከዚያ ቤቱ ለማን ክፍት እንደሆነ በምስክር ይታያል፣ የተመለሰ ሰው ካለም ይሰማል።

ኅዳር 13

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ ነበር እናቴ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ዋሱን ያመጣነው እኮ በክፋት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት አራስ ብርድ ልብሶቹን ጠቅልላ ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ ነው። ቤት የሚያከራይም፣ ሠራተኛ የሚቀጥርም ዋስ ይላል። ዋስ የሌለውን ሰው ማን ያስገባል? እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጥፋተኛዋ?

የተመለሰ ሰው ካለ ይሰማል አሉ። የተመለሰ ሰው።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ማኅበሩ አልጣሽ ቤት ተሰበሰበ። ዋስ ይቅር አልኩ። አልጣሽ ጽዋውን ከአፏ መልሳ አስቀመጠች።

«ዋስ ከቀረማ ማንም እየመጣ ይተኛላ! ብርድ ልብሱን ረሳሽው ጥሩዬ?»

«አልረሳሁም። ብርድ ልብስ ይሻልሻል ቤት?»

«ቤቱ የማርያም ነው።»

«ማርያምስ ዋስ ነበራት? ቤተ ልሔም ላይ ማን አውቃታለሁ አለ?»

ይህን ካልኩ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። እኔም ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ዋሱ ቀረ። ወዲያው ግን «ባል ያላት ትሁን እንጂ» ብዬ ጨመርኩ፣ ሁሉም «እሱማ የግድ ነው» አሉ።

ማታ ለወልደዮሐንስ አወራሁለት። ስለ ዋሱ ተደሰተ። ስለ ባሉ ስነግረው «ይሄ ደግሞ ማንን ለማስቀረት ነው እትዬ?» አለ።

«ሥነ ሥርዓት ለመጠበቅ ነዋ።»

«የምትወልደው ሴትየዋ ናት፤ ባልየው ምን አደረገ?»

ሽሮው ሊያር ነበርና ተነሣሁ። ስመለስ ይርጉ የለም፣ እራቱን ሳይነካ ወጥቷል። ይህ ልጅ ታሞ ይሆናል፣ ለሠርጉ ከሳ።

ታኅሣሥ 2

አልጋዎቹ ሞልተዋል። የሱቋ ሀጅራ «በሩ ተከፈተ አሉ» ብላ የወንድሟን ሚስት አመጣች፤ ከሱቋም ስኳርና ሻይ ቅጠል በየሳምንቱ እሰጣለሁ አለችን። ከጉጂ በኩል የመጣችም አለች፣ አማርኛ አትሰማም፣ ባል አለሽ ወይ ብዬ በእጄ ምልክት ሳሳያት ሳቀችብኝ። ምልክቱ ምን እንደመሰላት እንጃ። አስገባኋት።

የጉጂዋ ምጧ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። እኔና አልጣሽ ጉልበቷን ይዘን ማርያም ማርያም እንላለን፣ የሀጅራ ዘመድ በራሷ ቋንቋ በራሷ ጸሎት ታግዘናለች። ሲመሽ መንታ ተገላገለች። አልጣሽ፣ ያቺ ማንም ይተኛላ ያለችው አልጣሽ፣ አንዱን ታቅፋ አለቀቀችም።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ ብል ውሸት አይደለም። ቤቱ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ታኅሣሥ 8

ሰብስቤ ቤቴ መጣ። ስኳር ይዞ። ይርጉ ሥራ፣ ወልደዮሐንስ ፍርድ ቤት ናቸው፤ ሰዓቱን አጥንቶ ነው የመጣው።

«እትዬ ጥሩብርሃን፣ እኔና እርስዎን ምን አጣላን?» አለ እየተቀመጠ።

«አንተ ታውቃለህ።»

«ሬኮ ቡና ልገዛ ሄጄ ነበር። አንዲት ልጅ ከማረፊያችሁ በር ተመልሳለች አሉ። ሙሉካ ትባላለች። እዚህ እርስዎ ቤት ትሠራ አልነበረም?»

«እናቷ ታማ ሄደች።»

«እናቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ።» ድምፁ ለስላሳ ነው። «ለምስክርነት እጠራታለሁ። ዳኛው ታዲያ ማን መለሰሽ ብቻ አይሏትም፤ ለምን መለሱሽ ይሏታል። ከዚያ ደግሞ ከማን አረገዝሽ ይመጣል። አቶ ወልዱም ችሎት መስማት ይወዳሉ።»

መቀነቴን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

«ቤቱን በእርቅ ልቀቁልኝ። እኔም ሬኮ የሚባል አገር አላውቅም። ጥር 18 ሠርጉ ላይ ግን እጨፍራለሁ።»

ስኳሩን መለስኩለት። ትንሽ ዘግይቼ ነው የመለስኩለት፤ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ታኅሣሥ 9

እንቅልፍ የለም። ቤቱን ብለቅ ልጄ ይዳራል፣ ስማችንም ይተርፋል። ብይዘው ስማችን ችሎት ላይ እንደ ስጥ ይሰጣል። እትዬ አልጋነሽ ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ይዘው «አደራ» ብለውኛል። አደራ የበላ ይባላል።

ታኅሣሥ 11

ይርጉ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ያለ ይመስለኛል። ጀመረ፤ «እማዬ፣ ሰኔ ላይ...» ሲል የሠርጉን በርበሬ አላስፈጨሁም ብዬ ተነሣሁ። በርበሬው ከተፈጨ ቆየ።

ታኅሣሥ 15

ድሀ ልጃገረዶችን መዳር። ከድልድይ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ስቄ ነበር። ያቺ ንግሥት ምን አይታ ጻፈችው? እነሱም አገር ልጃገረድ በሰው ቤት ታገለግል ነበር ማለት ነው።

ታኅሣሥ 19

አጭር ልጻፍ፣ ነገ በጠዋት እነሣለሁ።

ፈለቀን ስለ እንጨት ላነጋግረው ብዬ፣ ሳላስበው «ያቺ የሬኮ ልጅ የት ደረሰች?» አልኩት።

«ዱመርሶ ነው። እኔ እህት ቤት። ሬኮ ድረስ መመለስ አልቻለም።» ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እዚያ ነች! «እግሩ አብጧል እትዬ። ፊቱም አብጧል። ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ደህና አያይም።»

የእነዚህን ነገሮች ትርጉም አውቃለሁ። እንዲህ ሆነው ከመጡት ሁለቱን ቀብረናል። «ምነው እስካሁን ሳትነግረኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«እትዬ ሥርዓት አለ ብለዋል» አለኝ፣ ያለ ቁጣ።

ነገ እሄዳለሁ። ምክንያቴን እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ሰብስቤ ምስክሯን ቀድሞ እንዳያገኛት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሕጉም ልብ አይመረምርም።

ታኅሣሥ 20

ይርጉ ከሚሠራበት ነጋዴ የቡና መኪና ለመንኩ። «ለምን?» አለኝ ይርጉ። «ለማኅበር ጉዳይ፣ ዱመርሶ» አልኩት። ጋቢውን አንሥቶ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ና አላልኩትም፣ ቅርም አላልኩትም።

የፈለቀ እህት ግቢ በእንሰት የተከበበ ነው። ቡናው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሙሉካ ደጃፉ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሲያዩዋት ያስፈራል፤ ያ ቀጭን ፊት የለም። እኔን ስታይ ግድግዳውን ይዛ ልትነሣልኝ ሞከረች።

«ተቀመጪ!» አልኳት። ድምፄ ቁጣ ሆኖ ወጣ። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነበር።

ይርጉ ተሸክሞ መኪናው ላይ አወጣት። ከፊት፣ ከእኔ ጎን አስቀመጥኳት። ይርጋ ጨፌን ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እትዬ፣ ማበጠሪያዎ ከዕቃዬ ጋር ተደባልቆ ሄዷል። ሳላውቅ ነው። አስቀምጬልዎታለሁ» አለችኝ።

እኔ በእርግጥ ማበጠሪያው ሲጠፋ ሌባ ብያታለሁ። ጎረቤት ሁሉ ፊት።

ከዚያ ዲላ እስክንደርስ እጇን ይዤ ነበር። ልቧ ይምታ አይምታ ለማወቅ ነው።

ታኅሣሥ 22

ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ ናት። የጤና ጣቢያው ሐኪም «አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው እጁን ሊታጠብ ሄደ። ዛሬ ወደ ማረፊያው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው አልጋ አዛወርናት።

ጾም ነው፤ ለአራስ ግን ጾም የለም። ገንፎውን እኔ አገነፋሁ፣ ቅቤውን አበዛሁት። ባል አላት ወይ ብሎ የጠየቀ ማኅበርተኛ አልነበረም፤ አልጣሽ ብቻ እኔን አየት አድርጋ ማንኪያ አቀበለችኝ።

ሕፃኗን አጠብኩ። የቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጠፍ ብሏል። የሟቹ ባሌ ጆሮ እንደዚያ ነበር፣ የይርጉም። ብዙ ሕፃን እንደዚያ ይወለዳል።

ታኅሣሥ 26

ወልደዮሐንስ ምንም አልጠየቀኝም፤ ግን ዛሬ በራሱ ጊዜ መጥቶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስለ ጉዳዩ አይደለም፣ ስለ መጽሐፉ ነው።»

«በል።»

«በሩ ለሁሉም እንደተከፈተ ማስረጃ ከሆኑት ሴቶች አንዷ የአስተዳዳሪዋ ዘመድ ብትሆን፣ ያቺ ማስረጃ አትሆንም። ተከራካሪው እንዲያውም ያዞራታል፤ ባዳ ሆና መለሷት፣ ዘመድ ስትሆን አስገቧት ይላል።»

«ዘመድ ካልሆነችስ?»

«ካልሆነች ጥሩ ነው። ቤቱ ይድናል።» ዓይኑን ከእኔ አነሣ። «ሠርጉም።»

ልብ አይመረምርም ያልኩት ሕግ ወዴት እየወሰደኝ ነው? አላውቃትም ብል ሁሉ ነገር ይተርፍልኛል። ዳኛውም፣ አቶ ወልዱም፣ ማኅበሩም ደስ ይላቸዋል። ልጅቷም አትናገርም፤ አውቃታለሁ፣ እኔ ካልኩ ዝም ትላለች። ሁሉ ነገር የተሰካካ ነው። ጆሮዋ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ጥር 6

ሁሉንም ልጻፍ።

ችሎቱ ሞልቷል። አቶ ወልዱ በሽማግሌ ወግ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ይርጉ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። መጀመሪያ ፈለቀ መሰከረ። በቅርብ የገቡት እነማን ናቸው ሲሉት «አላውቅም ጌታዬ። እትዬ አትጠይቅ ብሎኛል። ሆድ ካለው አስገባለሁ» አለ። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጡት። ሀጅራም መሰከረች።

ቀጥለው እኔን ጠሩኝ። ማልኩ። «ከዚህ ቤት የመለሳችሁት ሰው አለ?»

«አለ ክቡር ዳኛ። ሙሉካ የምትባል ልጅ፣ ኅዳር ላይ። የመለስኳት እኔ ነኝ።»

«ስለምን?»

«ዋስ የላትም ብዬ።»

ሰብስቤ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ምክንያቱ ዋስ አይደለም! ልጅቷ ከወይዘሮዋ ልጅ ነው ያረገዘችው። ነውራቸውን ለመሸፈን መለሷት፤ አሁን ደግሞ ምስክርነቷን ሲፈሩ አምጥተው አስተኟት። ቤቱን የቤተሰብ ጓዳ አድርገውታል። ለዘመድ የተከፈተ በር የሕዝብ ነው?»

የአቶ ወልዱ ከዘራ ወለሉን ሲነካ ተሰማ። ወልደዮሐንስ መዝገቡ ላይ አቀርቅሯል፣ ብዕሩ አይንቀሳቀስም።

ዳኛ ገሪማ «እውነት ነው ወይዘሮ?» አሉኝ።

አላውቃትም ልል ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ዞር ስል ይርጉን አየሁት። በሩን ትቶ በሰው መሀል ወደፊት እየመጣ ነው። እኔ ከዋሸሁ እሱ ሊናገር ነው። ልጄ ከእኔ በልጦ እንዳይገኝ ነው መሰለኝ ቀደምኩት።

«እውነት ነው ክቡር ዳኛ። የልጄ ልጅ እናት ናት።»

አልጣሽ «ወየው!» አለች።

«ስለዚህ ከቁጥሩ ያውጡልኝ» አልኩ። «የሀጅራን ዘመድ ይቁጠሩ፣ ያቺን መንታ የወለደችውን ይቁጠሩ። ሙሉካን አይቁጠሩ። እሷ በጎ አድራጎት አይደለችም። ዕዳዬ ናት፣ ዘመዴ ናት፤ ዛሬውኑ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። አልጋው ግን የሕዝብ ነው፣ ለሕዝብ ይመለስ።»

ሌላም ነገር ልናገር ነበር፤ ትቼው ተቀመጥኩ። አቶ ወልዱ ተነሥተው ወጡ። ይርጉ እላዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «እማዬ» አለኝ።

ከችሎት በቀጥታ ማረፊያው ሄድን። ሙሉካን «ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኳት። ጥፋት ያጠፋች መስሏት ልቅሶ ጀመረች። ተመልሳ ልትሠራልኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ምን ሆና እንደምትመጣ ግን አልነገርኳትም፤ ሕፃኗን ተቀብዬ ከፊት ከፊት ሄድኩ።

ጥር 8

አቶ ወልዱ ሽማግሌ ልከው ሠርጉን አፈረሱ። ጥሎሽ መለሱ። የላኩት ቃል አለ፤ አልጽፈውም።

አልጣሽ መጥታ ከደጃፍ ጀምራ ሰደበችኝ። ስታበቃ ከነጠላዋ ሥር አንድ ቅል ቅቤ አወጣች። «ለአራሷ ነው፣ ለአንቺ አይደለም» ብላ ሄደች።

የሰኔን ነገር እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም። አሁንም አልጽፈውም። ሙሉካ ታውቀዋለች፣ እኔ አውቀዋለሁ። ይቅር በይኝ ስላት «ማበጠሪያውን መሶቡ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ።

ጥር 15

ተፈረደ። ዳኛው ረጅም አነበቡ። ቤቱ ዋስ ይጠይቅ በነበረ ጊዜ የማኅበር እንጂ የሕዝብ አልነበረም፤ ኑዛዜው ግን ወላዶች እንጂ የማኅበርተኛ ወላዶች አይልም፤ ጥፋቱ የያዦቹ እንጂ የሰጪዋ አይደለምና ኑዛዜው ጸንቷል አሉ። ከዚህ በኋላ ዋስም ባልም እንዳይጠየቅ አዘዙ። የባሉን ነገር ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ወልደዮሐንስን ሳየው ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር።

ሰብስቤ ይግባኝ እላለሁ ብሏል። ይበል።

ጥር 18

ሠርጉ ዛሬ ሊሆን ነበር። የጠመቅኩትን ጠላ ለማኅበሩና ለጎረቤት አወጣሁት፤ ሰው ጠጣ፣ ምን ይባል እንደሆነ ስላላወቀ «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያለ ሄደ። ይርጉ ሽማግሌ አሰባስቦ ወደ ሬኮ፣ ወደ ሙሉካ አባት ሊልክ ነው። አባትየው እሺ ይበሉ አይበሉ አይታወቅም። እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ እንዲያውም የምሄደው እኔ ነኝ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው እቆማለሁ።

ወልደዮሐንስ «ድሀ ልጃገረድ መዳር እኮ ዝርዝሩ ላይ አለ እትዬ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። የለም አልኩት። የራስን ልጅ መዳር ከየትኛውም ዝርዝር አይገባም፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ።

ይህን እየጻፍኩ ፈለቀ በሩን አንኳኳ።

«እትዬ፣ አንድ ሴት መጣ። መስኮት አጠገብ ያለው አልጋ ባዶ ነው። አሁንም ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አልበለው?»

«አትበላት» አልኩት። «ደክሟት ይሆናል፣ አስገባት።»